ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚነሱ የእግርና የመንፈሳዊ ጉዞ መንገዶች፦ የጉዞ ነጥቦችን ካርታ ላይ ስለማስፈር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ዝቋላ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም በእንጦጦ ጫፍ ለጫፍ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ለበረከት ይወጣል፣ አንዳንዱ ለጤና፣ አንዳንዱ ለሁለቱም። መንገዱን ለሌላ ሰው እንዲሆን ካርታ ላይ ማስፈር የሚፈልጉም አሉ። የሚጠይቁት ነገር ተቀራራቢ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስበነዋል።

የጉዞ ነጥብ የሚባለው ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ሰው ቆሞ የሚወስንበት ቦታ ነው። ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ? ውሃ ልሙላ ወይስ የያዝኩት ያደርሰኛል? ልቀጥል ወይስ ከዚህ ባጃጅ ይዤ ልመለስ? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የማይነሳበት ቦታ ነጥብ አያስፈልገውም።

ጀማሪ ሁሉንም ነገር ይመዘግባል። ትልቁን ዛፍ፣ ያማረውን እይታ፣ ፎቶ የተነሳበትን ድንጋይ ሳይቀር። ከዚያ ካርታው በነጥብ ይጨናነቃል። ደክሞት፣ ፀሐይ እየጠለቀችበት ስልኩን የሚከፍት ሰው የሚፈልጋት አንዲት መገንጠያ እዚያ መሃል ትጠፋለች። እይታው ካማረ ፎቶውን ለጓደኛ መላክ ይቻላል።

ከቢሾፍቱ ወደ ዝቋላ የሚሄድን ሰው እናስብ። ከከተማው ሲወጣ ስንቅ የሚገዛበት የመጨረሻ ሱቅ ያስፈልገዋል። ዋናው መንገድና አቋራጩ የሚለያዩበት ቦታ ያስፈልገዋል። በመሃል ውሃ ያለበት፣ ጥላ ያለበት። ከተራራው ግርጌ ያለችው የወንበር ማርያም መንደር ያስፈልገዋል፤ እዚያ ሲደርስ ዛሬ ልውጣ ወይስ ልደር ብሎ ይወስናል። ከዚያ ዳገቱ ላይ አንድ ማረፊያ፣ በመጨረሻም የገዳሙ መግቢያ። ለዚህ ሁሉ ከአሥር ያነሱ ነጥቦች ይበቃሉ።

ተራራው ከሩቅ ይታያል። ነጥብ ምን ያደርጋል?

እውነት ነው፣ ዝቋላ ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ተራራ ነው። ከፍታው 2989 ሜትር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከእንጦጦ ላይ ሆነው ያዩታል።

ግን ተራራውን እያዩ በቀጥታ መሄድ ማለት በሰው ማሳ መሄድ ማለት ነው። ጤፍ ረግጦ የሚያልፍ መንገደኛን ማንም ገበሬ በፈገግታ አይቀበልም። በዚያ ላይ ሜዳው ዋልካ አፈር ነው። ዝናብ ካገኘው ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይሰነጠቅና ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ነዋሪው ለምን እንደሚዞር ያውቃል። ነጥቦቹም እሱ የሚዞርበትን መንገድ መከተል አለባቸው።

ለዚህ ልዩ መሣሪያ መግዛት አለብኝ? ስልኬ አይበቃም?

ይበቃል። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ 5 ሜትር ገደማ በሆነ ስህተት ቦታ ያሳያል፣ ለእግረኛ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ጥቅጥቅ ብሎ ባለበት፣ ለምሳሌ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ፣ ስህተቱ ይጨምራል። ገደል ስርም እንደዚያው። እዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ ጂፒኤስ የሚቀበለው ከሳተላይት ነው። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፣ ባትሪም ይቆጥባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ፣ ኔትወርክ እያለ አንዴ ክፈቱት። የአካባቢውን ካርታም ያኔውኑ አውርዱ። ፓወር ባንክ መያዝ አትርሱ።

ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም የቦታውን መገኛ ቁጥሮች፣ እንዴት ልጻፍ?

በአስርዮሽ ዲግሪ፣ ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ። አምስተኛው አሃዝ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አራት ብቻ ከጻፋችሁ 11 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም አይከፋም። ከአምስት በላይ መጻፍ ግን የስልኩን ስህተት በትልቅ ቁጥር ማስጌጥ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያው ቁጥር 8 ወይም 9 ብሎ ይጀምራል፣ ሁለተኛው 38 ወይም 39። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት እንጦጦ ማርያም በቱኒዝያና በሰርዲኒያ መካከል ባሕር ውስጥ ትገባለች።

የድሮ የወረቀት ካርታ ያላቸውም ይጠይቃሉ። 1 ለ50,000 የሆኑት የአገራችን ካርታዎች ድንቅ ሥራ ናቸው፤ የወንዝና የኮረብታ ስም ከእነሱ የተሻለ የያዘ የለም። ነገር ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው፣ ስልካችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማል። ሳይቀየር የተገለበጠ ነጥብ ከመቶ ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ገደል አፋፍ ላይ መቶ ሜትር ትንሽ አይደለም።

ፋይሉ ላይ ያለው ሰዓት ከእኔ ሰዓት ጋር አይገጥምም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የጂፒኤክስ ፋይል፣ ማለትም ስልኩ ነጥቦቹንና የሄዳችሁበትን መንገድ የሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ሰዓቱን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱን አጣምራችሁ አትድከሙ። ፋይሉ ላይ ካለው ቁጥር 3 ቀንሱ፣ የሐበሻ ሰዓት ይሆናል። ፋይሉ 4:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ 9:00 ካለ ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ነው።

ቀኑም የፈረንጅ ነው። የዝቋላ ንግሥ መጋቢት 5 ሲሆን ፋይሉ ላይ ማርች 14 ሆኖ ይገኛል። ነጥቡን ለተሳላሚ ስታዘጋጁ ግን በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ጻፉት። «ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዳገቱን አትጀምሩ» የሚል ማስታወሻ ሁለት ዓይነት ከተነበበ አደጋ ነው።

ስልክ ይዤ ስቆም ሰው ይጠራጠረኛል። ምን ላድርግ?

ይህን የማይጠይቅ የለም፣ መልሱም ይረዝማል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ እየሰፋች ስትሄድ ገበሬው ያየው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የሚለካ ሰው ይመጣል። ቀጥሎ ችካል ይተከላል። ቀጥሎ ግሬደር። ስለዚህ አንድ ከተሜ አጥር ጥግ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ «ይሄ ደግሞ ቀያሽ ነው ደላላ?» ቢባል አይፈረድም። ሰዎቹ የሚፈሩት እናንተን አይደለም፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ነው።

ስለዚህ ስልኩ ሳይወጣ ሰላምታ ይቅደም። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ማለት የሚከብድ አይደለም፣ የሚከፍተው በር ግን ሰፊ ነው። ከዚያ የመጣችሁበትን በቀጥታ ተናገሩ። «እየለካሁ ነው» ወይም «ዳታ እየሰበሰብኩ ነው» አትበሉ። «አባቴ፣ ወደ ዝቋላ የሚሄድ ሰው ውሃ የት እንደሚያገኝ እየመዘገብኩ ነው» በሉ። ስልኩን አዙራችሁ አሳዩ፤ የጻፋችሁትን አንብቡላቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይገለበጣል፤ ጠያቂው መንገድ መሪ ይሆናል። «እሱማ ምንጩ በበጋ ይደርቃል፣ በዚህ በኩል ነው እንጂ» ይሏችኋል። ይህን ማንም ሳተላይት አይነግራችሁም።

በቡድን ከሆናችሁ ወይም አካባቢው ላይ የምትቆዩ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀበሌውን አሳውቁ። መታወቂያ ያዙ። የጉዞ ማኅበር ከሆናችሁ ከአጥቢያችሁ ሰበካ ጉባኤ የድጋፍ ደብዳቤ መያዝ ብዙ ንትርክ ያስቀራል። ደብዳቤውም ኖሮ «አይቻልም» ከተባላችሁ «እሺ» ብላችሁ ሂዱ። አንድ ነጥብ ቢቀር ማንም አይሞትም።

የሰው አጥርና የማሳ ድንበር በፍጹም አትመዝግቡ። ወታደራዊ ካምፕ፣ የጸጥታ ተቋም፣ የቴሌና የብሮድካስት ማማም እንደዚሁ፤ እንጦጦ ላይ ማማ አይጠፋም። ድሮን ካሰባችሁ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ለእግር መንገድ ድሮን ምን እንደሚያደርግ ለእኔ አልገባኝም።

የቦታውን ስም በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በኦሮምኛ?

በሁለቱም። ዝቋላን የአካባቢው ኦሮሞ ጩቃላ ይለዋል። ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት የሚሉ ዛሬም ሞልተዋል። መንገደኛው የሚያውቀው ስም አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ሌላኛውን ብቻ። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለድሮ ስም የተለያየ ቦታ አለ። ሁሉንም ሙሉ። የትኛው «ትክክለኛ» ነው የሚለውን ክርክር ካርታው ላይ ይዛችሁ አትግቡ። እዚያ የሚኖረው ሰው የሚጠራበት ስም ዋናው ይሁን።

የቤተ ክርስቲያን ስም ላይ ሌላ ችግር አለ። «ሚካኤል» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። የካ ላይ ብቻ እንኳ የካ ሚካኤል ታች ከተማው ውስጥ ነው፣ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ላይ ኮረብታው ላይ። አንዱን ብሎ የመጣ ሌላኛው ዘንድ ይደርሳል። ታቦቱንም ሰፈሩንም አብራችሁ ጻፉ።

ጸበልን እንደ ውሃ ነጥብ ልመዝግብ?

አትመዝግቡ። ጸበል ራሱን የቻለ ነገር ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ፣ ሰው የሚጠመቅበት ነው። «የመጠጥ ውሃ» ብላችሁ ካርታ ላይ ካሰፈራችሁት አንድ የማያውቅ እግረኛ ሄዶ ላስቲኩን ሞልቶ፣ እግሩንም ታጥቦ ይመለሳል። ከዚያ የሚነሳውን ጠብ አስቡት። የዝቋላ አናት ላይ ያለው ሐይቅም በተሳላሚው ዘንድ እንዲሁ የተከበረ ነው፤ መዋኛ አይደለም። ጸበሉን «ጸበል» ብላችሁ ለይታችሁ አስፍሩ።

ለመጠጥ ውሃ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። ቦኖ ካለ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ብዙው ቦኖ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም፣ ለጀሪካንም ይከፈልበታል። ምንጭ ካለ ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል ወይስ ክረምት ብቻ የሚለውን ጻፉ። ሱቅ ካለ የታሸገ ውሃ ይሸጥ እንደሆነ። ማን እንደነገራችሁና በየትኛው ወር እንዳያችሁትም ይግባበት። ጥቅምት ላይ የታየ ምንጭ ለመጋቢት ዋስትና አይሆንም። የምንጭ ውሃ ሁሉ ተፈልቶ ወይም በማከሚያ ታክሞ ይጠጣ የሚል ቃልም ጨምሩ።

ገዳም ውስጥ ምን ልመዝግብ፣ ምን ልተው?

ከመግቢያው በር በኋላ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ደጀ ሰላሙ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ መጸዳጃው፣ ጸበሉ፤ ተሳላሚ የሚጠይቃቸው እነዚህን ነው። እነሱንም ቢሆን አባቶችን አስፈቅዳችሁ። በአንዳንድ ገዳማት ሴቶች የማይገቡበት ክልል አለ፤ ይህ በማስታወሻ ቢጻፍ ለሴት እህቶቻችን ከብዙ ድካም በኋላ ከሚመጣ መመለስ ያድናቸዋል።

የባሕታውያን በዓት ግን አይነካም። ዋሻው የት እንደሆነ ብታውቁም አታስፍሩት። ሰው ሸሽተው የገቡ ናቸው። በዓታቸውን ካርታ ላይ ማኖር ሰውን አስከትሎ መላክ ነው። ጸበል ቦታ ላይ ያሉ ሕሙማንንም ፎቶ አታንሱ፤ ይህ ሳይባል መታወቅ የነበረበት ነው።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር ልጻፍ ወይስ በሰዓት?

በሁለቱም፣ ግን ሰው የሚያነበው ሰዓቱን ነው። መንገድ ላይ የጠየቃችሁት ሰው «እዚሁ ነው፣ ደርሰሃል» ካለ አትመኑ። እሱ ሲራመድ እዚሁ ነው።

አንድ የቆየ ስሌት አለ። ናይዝሚት የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ቢሾፍቱ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝቋላ አናት ለመድረስ ወደ 1100 ሜትር መውጣት አለ፤ ዳገቱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ሊጨምር ትንሽ ነው የሚቀረው። ርቀቱ ደግሞ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስሌቱ ሲደመር ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያለ ዕረፍት።

ይህ ስሌት ግን ለጠንካራ እግረኛ ነው። ተሳላሚው እንደዚያ አይሄድም። እናቶች አሉ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ፣ ሕፃን ያዘለ አለ፣ እየዘመረ በየቦታው የሚያርፍ አለ። ደግሞም ይጾማል። መጋቢት 5 ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ታኅሣሥ 24 ነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው ምግብ ቤት የት እንዳለ ቢነገረው ምን ይሠራለታል? እሱ የሚፈልገው ጥላ ነው። ስለዚህ በጾም ወቅት ለሚደረግ ጉዞ ጥላ ያለበትን ቦታ ከምግብ ቤቱ አስቀድሙ። ስሌቱ የሰጣችሁን ሰዓት ደግሞ በግማሽ ጨምሩበት። በቡድኑ መጨረሻ የሚሄደው ሰው በሚደርስበት ሰዓት ነው ነጥቡ መጻፍ ያለበት፤ ከፊት የሚሮጠውማ ካርታም አያይ።

በንግሥ ቀን የማየውና በሌላ ቀን የማየው አይገናኝም። የቱን ልመዝግብ?

ሁለቱንም፣ ግን ለይታችሁ። በንግሥ ሰሞን ድንኳን ይተከላል፣ ውሃ ሻጭ ይሰለፋል፣ መኪናው ተራራው ግርጌ ድረስ ይመላለሳል። በሳምንቱ ብትመጡ አንድ እረኛ ታገኙ ይሆናል። «በንግሥ ብቻ» የሚል ምልክት የሌለው ነጥብ ባዶ ሜዳ ላይ ሰው ያስጠማል። ዝቋላ መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ነው። ደብረ ሊባኖስ ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። በዚያ ሰሞን ከተማው ይሞላል፣ መንገዶችም ይዘጋሉ። ለጥቅምት 5 አስቀድሞ ለመመዝገብ የሚወጣ ሰው ይህን ታሳቢ ያድርግ።

ክረምት ላይ መመዝገብ ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። የበጋ ካርታ ብዙ ነገር ይደብቃል። መጋቢት ላይ ዘላችሁት የምታልፉት ቦይ ሐምሌ ላይ ደራሽ ይዞ ይመጣል። የነሐሴ 24ቱ የደብረ ሊባኖስ ንግሥ ደግሞ ክረምት መሃል ስለሆነ ያን የሚያውቅ ካርታ ያስፈልጋል። ወንዝ መሻገሪያ ላይ «ዝናብ ካለ ጠብቁ ወይም በድልድዩ ዙሩ» የሚል ነጥብ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ስትመዘግቡ ግን ራሳችሁም አትሻገሩ፤ ከዳር ሆናችሁ ጻፉ።

እንጦጦ ቅርብ ነው። ብቻዬን ሄጄ ልመዝግብ?

አይሆንም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ በቀን ሂዱ። ጅቡ ከማታ በፊት ብዙ አያሳስብም፤ ዘራፊው ግን ያሳስባል። ጠዋት ጠዋት ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ጠይቁ፣ የትኛው ጥርጊያ ሰው እንደሚበዛበት ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እንደ ስፔኑ መንገድ ማኅተም የሚመታበት ደብተር ለምን አይኖረንም?

ይህን የሚጠይቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደው መንገድ ላይ ተጓዡ ደብተር ይይዛል፣ በየማረፊያው ማኅተም ያስመታል፤ ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሄደ ምስክር ወረቀት ያገኛል። መንገዱን የሚያመለክቱት ቢጫ ቀስቶች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአንድ መንደር ቄስ ቀለምና ብሩሽ ይዘው የጀመሯቸው ናቸው። ጃፓን ሺኮኩ ደሴት ላይም 88 ቤተ መቅደሶችን የሚያዞር፣ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ አለ፤ እዚያም ማኅተም አለ።

ቀስቱ ደስ ይለኛል። ማኅተሙ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። የእኛ ተሳላሚ ስእለቱን የሚያደርሰው ለማንም ሊያሳይ አይደለም፤ ማኅተም የሚመታ ሰው በየነጥቡ ይቀመጥ ብንል ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ክፍያ ይጀመራል። ለእግር ጉዞ ቡድኖች ጨዋታ ከሆነ ግን ምን ይከለክላል። ቀስት ለመቀባት ካሰባችሁ የሰው አጥርና የቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ እንዳይሆን፣ የአካባቢውንም ፈቃድ ጠይቁ።

ነጥቦቹን የት ላስገባ?

ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነጻ የሚያርመውና የሚጠቀምበት ካርታ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ካርታቸውን ከዚያ ነው የሚወስዱት፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። እናንተ ያስገባችሁት ምንጭ ካርታው ሲታደስ ሌላው ስልክ ላይ ይታያል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከጉግል ካርታ እያያችሁ አትገልብጡ፣ ፈቃዱ አይፈቅድም። «ዳገቱ ላይ እማማ ጠላ ይሸጣሉ» የመሰለ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ ቡድን ፋይል ይሁን እንጂ ለዓለም ካርታ አይሆንም። ለቡድኑ ጂፒኤክስ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ስልክ ለማይዙ ተሳላሚዎች ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት አትሙ፤ ነጥቦቹ በተራ፣ በሰዓት፣ በትልቅ ፊደል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው።

መንገድ ላይ ሰው ቢታመምስ?

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ግን አምቡላንስ ማሳ መሃል አይመጣም። ስለዚህ በየነጥቡ «ከዚህ መኪና የሚደርስበት ቅርብ ቦታ» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታም ምልክት አድርጉ፤ አንዳንዴ ሃያ ሜትር ወደ ጉብታው መውጣት በቂ ነው። ለደወላችሁለት ሰው ኮኦርዲኔቱን ከማንበብ በፊት የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ስም ንገሩት። ሾፌሩ የሚያውቀው እሱን ነው።

ያስገባሁት መንገድ በአጥር ተዘግቷል። ላጥፋው?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ የዘወትር ነገር ነው። ዘንድሮ የከብት መንገድ የነበረው ለከርሞ የሪል እስቴት ግንብ ይሆናል። ወዲያው አታጥፉት። መጀመሪያ «ተዘግቷል» በሉና ያያችሁበትን ወርና ዓመት ጻፉ፤ ጥበቃው በጎን ያሳልፍ እንደሆነም ጠይቁ። አዲሱ ዙሪያ መንገድ ሲገኝ እሱን አስገቡ፣ የድሮውን ያኔ አንሱ። በየዓመቱ ከንግሡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሰው መንገዱን ሄዶ ቢያየው በቂ ነው። የሚሄደው ግን ካርታውን ከሠራው ሌላ ሰው ይሁን፤ ሠሪው መንገዱን ስለሚያውቀው ነጥቡን ሳያይ ነው የሚያልፈው።